የወይዘሮ ወለተኢየሱስ ድሪቶና ዳሊያ

ጎባ ውስጥ ድሪቶ የሚሰፋ ሰው ወይ የቸገረው ነው፣ ወይ ነካ ያደረገው። ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ሁለቱም አይደሉም። ሠላሳ ዓመት የሌላ ሰው ደብዳቤ በታይፕ ሲመቱ ኖረው ጡረታ ወጡና፣ ከልብስ ሰፊው ከሳላሀዲን ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለመኑ በእጃቸው ድሪቶ መስፋት ጀመሩ።

«አከም ቡልተን፣ እትዬ። ዛሬ ደግሞ ማንን ሊያለብሱ ነው?» ይላቸዋል ሳላሀዲን በኦሮምኛ ሰላምታ ጀምሮ፣ የጨርቁን ከረጢት እያቀበለ።

«ዳሊያዎቼን ነዋ።»

«እኔም አበባ ልሁንና ይሸፍኑኝ እንግዲህ።»

«አንተማ አረም ነህ፤ ብርድ አይነካህም።»

ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። የባሌ ውርጭ በበጋ ለቅጠል አይራራም። በዘይት ጀሪካን የተከሏቸውን አርባ ዳሊያዎች አመሻሽ ላይ በድሪቶ ይሸፍናሉ፤ ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ይገልጣሉ። አንድ ቀን ከተረሳ ሁሉም አለቀ ማለት ነው።

በታኅሣሥ የሰፈሩ ውበት ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ፍቅረሥላሴ መጡ። ግቢው ተመርጧል፤ ነገ እንግዶች ይጎበኙታል። «ሞዴል ግቢ» የሚል ሰፊ ባነር በሩ ላይ አሰቀሉ። ወዲያው ገመድ ላይ የተሰጣውን ድሪቶ ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ።

«እትዬ፣ ይኼ ይነሣ። ድህነት ቀርቷል ብለን ሪፖርት ጽፈናል።»

«አበቦቼስ ዛሬ ምን ይልበሱ?»

«አበባ ተፈጥሮ ነው፤ ተፈጥሮ ራሱን ይጠብቃል።»

ሙገሳ መጥፎ ነገር ነው፤ አፍ ያስይዛል። «ሞዴል» የሚለው ቃል ለወይዘሮ ወለተኢየሱስ ጣፍጧቸው ድሪቶዎቹን በገዛ እጃቸው ከገመዱ አወረዱ። ድሪቶዎቹ በባጃጅ ተጭነው ወደ ኮሚቴው ቢሮ ሄዱ። እሳቸው የአልጋቸውን ብርድ ልብስ አውጥተው ቢያለብሱ ለአራት ጀሪካን ብቻ በቃ፤ ራሳቸው በነጠላ ተኮራምተው አደሩ።

ጠዋት ሠላሳ ስድስቱ ዳሊያ እንደተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ ተኝቷል። ኮሚቴው ግን ብልሃት አያጣም፤ ከሮቤ በሚኒባስ የፕላስቲክ አበባ አስመጥቶ በየግንዱ በሽቦ አሰረ። እንግዶቹ ስድስት ሰዓት ላይ ደረሱ። ትልቁ እንግዳ ጎንበስ ብለው አንዱን አሸተቱና፣ «የባሌ አፈር መዓዛው እኮ ልዩ ነው» አሉ። ሁሉም አጨበጨበ። እውነት ለመናገር፣ ወይዘሮ ወለተኢየሱስም አጨበጨቡ። ያንገበገባቸው ከሁሉ በላይ ይኸው ነው።

በማግስቱ ድሪቷቸውን ሊጠይቁ ቢሮ ሄዱ። አቶ ፍቅረሥላሴ ድሪቶውን ጉልበታቸው ላይ ጥለው ሪፖርት ይጽፋሉ። ጸሐፊዋም ትከሻዋ ላይ ደርባለች።

«እትዬ፣ ቢሮው ብርዳም ነው። ይኼ ነገር ለካ ይሞቃል።»

«ይሞቃል፤ ለአበባ ነበር የሰፋሁት» አሉና ወጡ።

ቤታቸው ሲደርሱ አንዱን ጀሪካን በጣታቸው ቆፈር አደረጉ። ውርጩ ላዩን እንጂ ሥሩን አልነካውም፤ ጠንካራ ነው። በርጩማ ላይ ወጥተው ባነሩን አወረዱ፤ የቀረቻቸውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ከጀርባው ደርበው እስኪመሽ ሰፉት። ከዚያ ጀሪካኖቹን አጠጋግተው አለበሷቸው፤ ፊደሉን ወደ ውስጥ አዙረው፣ ዳሊያዎቹ ብቻ እንዲያነቡት።