ከአባቴ ፔጆ ውስጥ የመጣው ድምፅ

አባቴ ፈረስ መጋላ ታክሲ ይሠሩባት የነበረችው አሮጌ ፔጆ፣ እሳቸው ካረፉ ወዲህ ግቢያችን ውስጥ ቆማ ዝጋለች። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ልሸጣት አስቤ የበሮቿን ሥር የበላውን ዝገት ቆርጬ አዲስ ላሜራ መበየድ ጀመርኩ። ፍንጣሪው እንዳይጎዳቸው መስታወቶቹን በብርድ ልብስ ሸፍኛለሁ።

የመጨረሻውን በር ስጨርስ ከውስጥ ሰው አቃሰተ። «ቀስ በል ልጄ!» አለኝ። አባቴ ሁልጊዜ የሚሉኝ ነው! መበየጃው ከእጄ ወደቀ።

«አባዬ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ አልሸጣትም!»

«አባትህ አይደለሁም፣ እኔ ነኝ!»

ጎረቤታችን ሐጂ ናቸው። ለካ ከአባቴ ጋር ጫት ይቅሙበት የነበረውን የኋላ ወንበር ዛሬም አልተዉትም።

«ወላሂ መርቅኜ ነው ዝም ያልኩት። በል ክፈትልኝ፣ ጭሱ ሊገድለኝ ነው!»

በሩን ሳብኩት፤ ወይ ፍንክች! ሌላውንም ሳብኩ። ያኔ ነው የገባኝ፤ አራቱንም በሮች ከመኪናዋ ጋር አጣብቄ በይጃቸዋለሁ።