የእናቴ ቆብ

እናቴ ንዳድ ይዟት ራሷን ስታ የሰነበተችው በሃምሳዎቹ መጨረሻ፣ በአንዱ መስከረም ነው። የፎገራ ሜዳ ገና ውኃ ነበር። በአምስተኛው ቀን ወንድሟ ቃሬዛ ይዞ መጣና፣ «ጎንደር ሐኪም ቤት እናድርሳት፤ እስከ ወረታ በሸክም፣ ከዚያ መኪና አይጠፋም» አለ። አባቴ አሻፈረኝ አለ።

«ውኃ መካከል ብትሞትብኝስ? ከሞቱ አሟሟቱ። መንኩሳ ቤቷ ትሙት።»

በእኛ አገር ሞት የቀረበው ሰው ቆብ መድፋቱ ብርቅ አልነበረም፤ ኃጢአቱን ጥሎ ይሄዳል ይባላል። አጎቴ ቢቆጣም ሽማግሎቹ ከአባቴ ጋር ሆኑ። ከቁሐር ሚካኤል የተጠሩት መነኩሴ ግን፣ «ፈቃዷን ሳላውቅ አልጭንላትም» አሉ።

ከራስጌዋ የነበርሁት እኔ ነኝ። ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሁሉን ዐውቃለሁ የሚባልበት ዕድሜ። ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ ጠየቅኋት። ራሷ ተነቃነቀ። ሲንቀጠቀጥ የዋለ ራስ ነው እኮ! እኔ ግን «እሺ ብላለች» አልሁ። አባቴን ደስ እንዲለው ብዬ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ምንኩስና ለዓለም መሞት ነውና በቁሟ ፍትሐት ተደረገላት፤ ቆቡም ተጫነ። አጎቴ ቃሬዛውን ደጅ ወርውሮ እያለቀሰ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ላብ አጠመቃትና ዓይኗን ገለጠች። አጥሚት አምጡልኝ አለች። እልል ልል አፌን ስከፍት እጇ ወደ ራሷ ሄደ፤ ቆቡን ዳሰሰችው። ከአጎቴ በቀር ትድናለች ብሎ ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም!

«ይህን ማን አደረገብኝ?»

አባቴ ምሰሶውን ተደግፎ ቀረ። «እንድትጸድቂ ብዬ ነው። አንቺም እሺ ብለሻል።»

«እኔ?»

አባቴ ዞሮ እኔን አየኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት።

ቆብ ከተጫነ አይወርድም። አባቴ እግራቸው ሥር ወድቆ ቢለምን መነኩሴው መስቀላቸውን አሳልመውት ሄዱ። ከዚያ ቀን ወዲያ አንድ መደብ ላይ ማደር ቀረ። በወሩ አባቴ ግቢያችን ጥግ ጎጆ ቀለሰላት። ሃያ ዓመት «አንቺ» ያላትን ሚስቱን፣ በሩን ከፍቶ፣ «ይግቡ፣ እማሆይ» አላት።

ገባች። ልከተላት ስል በሩን ዘጋችብኝ።