ቤቴማ ድሬ ነው

ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚገኘው የሂሳብ ባለሙያ ቢሮ ሥራ በጀመርኩበት ጠዋት አለቃዬ ጋሽ ተፈራ ጉዳዮቹን ለሁለት ከፈሏቸው። ንግድ የሚከፍቱትን ለራሳቸው አስቀሩ፤ ዘግተው አገር የሚለቁትን ወደ እኔ ገፉ። የሚከፍትማ መንገዱን ራሱ ያገኘዋል፣ ሰው የሚያስፈልገው የሚዘጋው ነው አሉኝ።

እኔ ደግሞ ሥራው ገና በሳምንቱ ያዘኝ። ለካ መሄድም ሥርዓት አለው! ንግድ ፈቃድ ይመለሳል፤ የግብር ዕዳ የለበትም የሚል ክሊራንስ ይወጣል፤ ከዚያ ግብር አስገቢው መሥሪያ ቤት ሰውየውን ከነዋሪነት እንዲያወጣው ይጠየቃል። ይህ የመጨረሻው ካልተሳካ ውጭ አገር ላገኘውም ገቢ እዚህ ግብር ይጠየቃል። ብዙ ሰው ግን ሱቁን ቆልፎ ባቡር መሳፈር የሚበቃ ይመስለዋል።

ሆደንም እንደዚያ መስሏት ነበር። መጋላ ውስጥ ጨርቅ ትሸጥ የነበረች ሴት ናት። ጅቡቲ አግብታ፣ እዚያው ሱቅ ከፍታ፣ ለዚያው አገር ትገብራለች፤ እዚህም ነዋሪ ነሽ ተብላለች። ሁለት ቦታ ከገበርኩ ሱቁ አይቆምም፣ ልጆቼን በምን አሳድራለሁ አለችኝ።

ማስረጃዋን አሟልተን ግብር መሥሪያ ቤቱ አብሬያት ገባሁ። የግብር ባለሙያው ረጋ ያለ ሰው ነበር። ሁሉንም አገላብጦ አየና ቋሚ ቤቷ የት እንደሆነ ጠየቃት።

"ቤቴማ ድሬ ነው አቦ!" አለች።

ክው አልኩ፤ እዚህ ቋሚ ቤት ያለው ሰው ነዋሪ ተብሎ ይቀራል። እስክሪብቶውን ሲያነሳ አይቼ ይቅርታ ጠየቅኩና ወደ በረንዳው ይዣት ወጣሁ። ቤትሽን ለእህትሽ ሰጥተሽ የለም ወይ ስላት አዎ አለች። ታዲያ እውነቱን ንገሪው፣ ድሬ ቤት የለኝም በይው አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ።

"አባዮ፣ እናቴ በተቀበረችበት አገር ቤት የለኝም ብዬ በራሴ ላይ ላሟርት?"

እኔም ብሆን አልለውም። ድሬ ያደገ ሰው የትም ይኑር የት፣ ቤቱን ከጠየቁት መልሱ ይኸው ነው።

ተመልሰን ገባን። ጥያቄውን እኔ በሌላ መንገድ ልጠይቃት ብዬ ባለሙያውን ለመንኩት፤ ፈቀደልኝ። ልጆችሽ የት ይማራሉ አልኳት። ጅቡቲ አለች። ስትታመሚስ የት ትተኛለሽ? ጅቡቲ። ለበዓል ድሬ ስትመጪስ?

"እህቴ ጋ ነዋ። እንግዳ ነኝ፤ ዕቃ እንኳ አታስነካኝም" አለች እየሳቀች። ወዲያው ሳቋ ቆመ። ያለችውን ራሷ ሰማችው።

ባለሙያው ቀና ብሎ አያትና "እንግዳ" እያለ ጻፈ።

ከነዋሪነት የሚያወጣት ውሳኔ ሲወጣ ደስታዬን የት ላድርገው! ከግቢው እየሮጥን ወጥተን ባጃጅ ውስጥ ገባን። ሹፌሩ ወዴት ነው ሲል ሆደን በልማድ "ቤት" ልትል አፏን ከፈተች። መልሳ ተወችው።

"መጋላ" አለችው፣ "እህቴ ቤት።"

ዛሬ ለአዲስ ሠራተኛ የምነግረው ይህንኑ ነው። አገር የለቀቀን ሰው ቤትህ የት ነው ብለህ አትጠይቀው። የት እንግዳ እንደሆነ ጠይቀው።