አምስተኛዋ ፍሎፒ

ፍሎፒዋን አሥራ አንድ ቀን ሙሉ በቦርሳዬ ይዤ ዞሬያለሁ። ገበያ ስሄድ አብራኝ፣ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ አብራኝ። አምላኬ ይቅር ይበለኝና፣ ቅዳሴ ላይ ቆሜ እንኳ የማስበው ያ ሰው እግሬ ስር ሲወድቅ ነበር።

ክልሉ ከተቋቋመ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው። ፓዌ ከሰፈሩት ወላጆቼ ቤት ወጥቼ አሶሳ አንድ ቢሮ ውስጥ በኮንትራት ጸሐፊነት ከገባሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ለቢሮው አንድ ኮምፒውተር መጣለት፤ ዳንቴል ለበሰ፣ ጫማ ሳያወልቁ የማይገባበት ክፍል ተሰጠው። ሥልጠና ወስጄ ስመለስ እሱን ደፍሮ የሚነካ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣው የመምሪያ ኃላፊያችን ማብሪያውን እንኳ አያውቅም። እኔን ሲጠራኝ ግን "አንቺ ታይፒስት!" ነው፣ ኮሪደሩ እስኪያስተጋባ።

አዲሱ መዋቅር ሲመጣ ሠራተኛው ሁሉ በትምህርቱና በአገልግሎቱ ተመዝኖ ሊመደብ ሆነ። ዝርዝሩ ላይ ስሙ የሌለ ይሰናበታል። ከየወረዳው በእጅ ተሞልቶ የመጣውን ቅጽ አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ የራሴንም ጭምር። ፋይሉ አንድ ፍሎፒ አልበቃው ሲል ጨመቅኩትና አምስት ላይ ከፋፈልኩት። ቢሮው የሰጠኝ አራት ነበር። አምስተኛዋ ከሥልጠናው ይዣት የመጣሁ የራሴ ናት።

ከዚያ ኃላፊው የሚስቱን ታናሽ እህት አምጥቶ "አስተምሪያት" አለኝ። አጠገቤ አስቀምጬ አስተማርኳት። አንድ ቀን ከምሳ ስመለስ ስክሪኑ ላይ ዝርዝሩ ተከፍቷል። በእኔ ስም ቦታ የእሷ ስም ገብቷል፤ ከነሦስት ዓመት አገልግሎቱ! ደሜ ፈላ። ኃላፊው ዘንድ ሮጬ ገባሁ።

"ማሽን ነው፣ ይሳሳታል" አለኝ ዓይኑን በጨው አጥቦ። "ለማንኛውም ኮንትራትሽ አብቅቷል። ቁልፉን አስረክቢ።"

አላለቀስኩም። ጥርሴን ነክሼ ቁልፉንና የቢሮውን አራት ፍሎፒዎች አስረከብኩ። የራሴን ይዤ ወጣሁ። ፋይሉን የጨመቅኩት ስሜ ከመሰረዙ በፊት ስለነበር እውነተኛው ዝርዝር ያለው እነዚያ አምስቱ ላይ ነው።

በሳምንቱ መብረቅ ወርዶ ኮምፒውተሩን አቃጠለው። እሰይ! ነው ያልኩት፣ አልዋሽም። በእጅ የተሞላው ቅጽስ? እሱንማ ኃላፊው "በኮምፒውተር ዘመን ወረቀት ምን ያደርግልናል" ብሎ አስጥሎታል፤ ገበያ ውስጥ ለውዝ ይጠቀለልበታል። ከሌላ ቢሮ ኮምፒውተር ተውሰው አራቱን ፍሎፒዎች ቢያስገቡ ማሽኑ አልከፍትም አለ። እንዲህ ተከፋፍሎ የተጨመቀ ፋይል ሲፈታ መጀመሪያ የሚጠይቀው የመጨረሻዋን ፍሎፒ ነው። ልጅቷ አራተኛዋን ደጋግማ ትከታለች፣ ማሽኑ የመጨረሻዋን አምጪ ይላታል። ይህን ሆን ብዬ ነው ያላስተማርኳት። ስታጠና ዓይኗ ከኪቦርዱ ይልቅ ወንበሬ ላይ እንደነበር አይቻለሁ።

በማግስቱ ኃላፊው ጭቃውን እየረገጠ የተከራየሁበት ቤት ድረስ መጣ።

"እህቴ፣ ቂም ጥሩ አይደለም" አለኝ።

"እህትዎማ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጣለች" አልኩት።

"ስንት ቤተሰብ ያለው ሰው ሜዳ ላይ ሊቀር ነው እኮ!"

ይቺ ወጋችኝ። ጽዳቷንም ጥበቃውንም አውቃቸዋለሁ፤ እነሱ ምን በደሉኝ? ግን እሱን በነጻ አለቀውም። "የምደባ ኮሚቴው ፊት እከፍተዋለሁ" አልኩት። "ድምፅዎን ከፍ አድርገው የሚያነቡት ደግሞ እርስዎ ነዎት።"

የኮሚቴው ሰብሳቢ የመንጌ ወረዳ ሰው፣ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ነበሩ። የአፍ መፍቻቸው በርታ ስለሆነ አማርኛ ሲናገሩ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ይላሉ። "ቢስሚላሂ በልና ክፈት" አሉኝ።

አምስተኛዋን ከተትኩ፤ ማሽኑ ተቀበላት። ከዚያ አንደኛዋን፣ ሁለተኛዋን። ሦስተኛዋ ላይ ቢያጓራም ደግነቱ አለፈ፤ የቀሩትንም ተቀበለ። ፋይሉ ተከፈተ። ወይ ጉድ! ስክሪኑ ሙሉ የላቲን ፊደልና ቅንፍ ዝብርቅርቅ።

"ይኸው! አበላሽታዋለች!" ብሎ ኃላፊው ከመቀመጫው ዘለለ።

የተውሶው ኮምፒውተር የአማርኛውን ፊደል አልመረጠም ነበር፤ መረጥኩለት። ያ ሁሉ ዝብርቅርቅ ዓይኑ እያየ አማርኛ ሆነ።

"ያንብቡ" አልኩት።

እያነበበ እኔ ስም ላይ ሲደርስ ድምፁ ወረደ። "አልተሰማም" አልኩ። ሰብሳቢውም "ድገም" አሉት። ደገመው። ስሜ፣ ጸሐፊ፣ ሦስት ዓመት አገልግሎት።

"ይሄ ልጅ ለምን ተሰናበተ?" አሉ ሽማግሌው ወደ እኔ እያሳዩ።

ጥግ የተቀመጠችው የሚስቱ እህት ልቅሶዋን ለቀቀችው። "ስሟን ሰርዢው ያለኝ እሱ ነው!" አለች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ለእሷም አላዘንኩላትም፤ ዛሬም አላዝንላትም።

ሁሉም ሰው በየቦታው ተመደበ፤ እኔም ቋሚ ሆንኩ። በቋሚነቴ መጀመሪያ የጻፍኩት ደብዳቤ እሱ ከኃላፊነቱ የተነሣበትን ነው። ሌላ ጸሐፊ የለማ! ሊቀበል ሲመጣ ገና እየጻፍኩ ነበር። ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን አነበበና "እባክሽ፣ 'ሆን ብለው' የምትለዋን ቃል ብቻ ተያት፤ ልጆች አሉኝ" አለኝ።

ማተሚያው እያንቋረረ መስመር በመስመር አወጣው። ወረቀቱን ቆርጬ ፊቱ ዘረጋሁለትና፣ እንዳያልፋት ብዬ ጣቴን "ሆን ብለው" የምትለዋ ላይ አሳረፍኩ። አነበባት። እስክሪብቶ ሰጠሁት፣ ፈረመ።