ጠርጌ የጣልኩት ካርድ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ሰው ፊት መናገርም ይከብደኛል። ይህን የምጽፈው አንድ ቀን ያለ ልማዴ ስለተናገርኩ ነው።

የምኖረው ቀራንዮ ነው፤ የምሠራው ደግሞ ጦር ኃይሎች አጠገብ ባለ የስብሰባ አዳራሽ። እጠርጋለሁ፣ ሻይ አቀርባለሁ። በዚያ ሳምንት ጦርነት ከጎዳቸው ወረዳዎች የመጡ ሰዎች አገራቸው እንዴት መልሶ እንደሚቋቋም ሊመካከሩ ተሰብስበው ነበር። ግድግዳው ላይ ትልልቅ ወረቀቶች ተለጥፈዋል፤ ጤና፣ ትምህርት፣ ውኃ፣ የሴቶች እኩልነት። የዓለም የልማት ግቦች ናቸው ተባለ። ተሰብሳቢው የሚያስፈልገውን በትንሽ ካርድ አስጽፎ ከአንዱ ግብ ሥር ያስለጥፋል፤ ከሰዓት በኋላ ድምፅ ይሰጥበትና ብዙ ድምፅ ያገኘው ዕቅድ ውስጥ ይገባል።

ከመጡት መካከል ጥቁር የለበሱ፣ ማንበብ የማይችሉ አንዲት እናት ነበሩ። ጠዋት ሻይ ስሰጣቸው የቀበሌያቸው ወፍጮ በጦርነቱ መቃጠሉን፣ ሴቶቹ እህል ተሸክመው ግማሽ ቀን እንደሚሄዱ ነገሩኝ።

"ሁለት ቀን በመኪና የተንገላታሁት ይቺን አንድ ቃል ለማስጻፍ ነው" አሉኝ።

አስተባባሪው ግን ካርዳቸውን ከየትኛው ግብ ሥር እንደሚያደርገው ቸገረውና ከግድግዳው ግርጌ ለብቻው ለጠፈው።

ምሳ ሰዓት ላይ አዳራሹን ጠረግኩ። ሲመለሱ እናትየዋ ግርጌውን አዩት፤ ባዶ ነው። አዘጋጆቹ ጥያቄያቸውን የተዉት መሰላቸውና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። እኔ ግን ደነገጥኩ። ወለል ላይ የወደቀውን ወረቀት ሁሉ ሳላየው ነበር የጠረግኩት። ሮጬ ሄጄ የቆሻሻውን ቅርጫት በረበርኩ። ካርዱ በሻይ ቅጠል ርሷል፤ "ወፍጮ" የሚለው ግን ይነበባል።

ስመለስ ድምፅ መስጠት ሊጀመር ነው። በሩ ላይ ቆሜ፣ ከሥራ ቢያስወጡኝስ ብዬ አመነታሁ። ከዚያ "ይሄ ቀርቷል፤ የጠረግኩት እኔ ነኝ" አልኩ። ማንም አልሰማኝም። ካርዱን ከፍ አድርጌ "ወፍጮ" የሚለውን እያሳየሁ ደገምኩት።

አንድ ጎልማሳ ሳቀ። "ወፍጮ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ግብ የሆነው?"

"አንተ ምሳህን ጥሬውን ነው የበላኸው?" አሉት እናትየዋ። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ፤ እሱም ጭምር።

"እሺ እማማ፣ ከየትኛው ሥር ላድርገው?" አለ አስተባባሪው።

"ሸክሙ ያለው በማን ጀርባ ላይ ነው? ሴቶች ከሚለው ሥር አድርገው።"

ወፍጮው አንደኛ አልወጣም፤ ዕቅድ ውስጥ ከገቡት የመጨረሻው ሆነ። ይተከል አይተከል እስካሁን አላውቅም።

ወደ መኪናቸው ሲሄዱ ተከትዬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ጉንጬን ዳበስ አድርገው፣

"ጥረጊ ልጄ" አሉኝ፤ "ግን እያነበብሽ ጥረጊ።"