ቅቤ የተቀባው ጥይት

ዋርሳዬ፣ የባሌ ታላቅ ወንድም፣ በዚህ ዓለም የማይችለው ነገር ቢኖር ዝም ማለት ብቻ ነው።

የወንድማማቾቹ አባት ሙት ዓመት ሲቃረብ፣ እናታቸው አማቴ አንድ ነገር ለመኑ፤ የሟች ጠመንጃ በዕለቱ እንድትጮህ። በእኛ በዘንገና በኩል ባለ ጠመንጃ ሞቶ ጠመንጃው ካልተተኮሰ፣ እንደ ዘበት የተሸኘ ይመስላል። ጠመንጃዋ ግን ሟች ከአባታቸው የወረሷት አሮጊት ናት፤ ለእሷ የሚሆን ጥይት እንኳን ቆሰበር፣ ጫግኒ ገበያም አይገኝ።

«እኔ እያለሁ!» አለ ዋርሳዬ፣ ደረቱን እየመታ።

ከዚያ ወዲያ ኩሽናዬ የእሱ ሆነ። ዳንግላ ድረስ ሄዶ ቶርኖ ቤት የጥይት እርሳስ ማፍሰሻ ቅርጽ አሠራ፤ እንደ መጽሐፍ የሚከፈት፣ እጀታ ያለው ብረት። ላገኘው ሁሉ «በእኔ ትእዛዝ የተሠራ ነው» ይላል፣ ዘውድ የተሠራለት ይመስል። ከአሮጌ ባትሪ የወጣውን እርሳስ በሽሮ ድስቴ አቀለጠ።

«ጋሼ፣ ይኼ እኮ ምግብ የሚሠራበት ድስት ነው።»

«አሁን ታሪክ እየተሠራበት ነው!»

ድስቱን ለታሪክ ለቀቅሁለት፤ ሽሮ ዳግመኛ አልሠራሁበትም።

የቀዘቀዘው አረር ሟች ካስቀመጡት ባዶ ቀለህ አፍ አልገባ ሲለው፣ ለሙት ዓመቱ ካስቀመጥሁት ቅቤ ዝቆ ይለቀልቀው ጀመር።

«ምነው፣ ሙሽራ ናት?» አልሁት።

«እንድትንሸራተት ነው። አንቺ ስለ ጥይት ምን ታውቂያለሽ?»

እውነቱን ነው፣ ስለ ጥይት አላውቅም። ስለ ቅቤ ግን አውቃለሁ። ባሩዱን ሞልቶ አረሩን ከገጠመ በኋላ፣ ጭጋጉ እንዳያረጥብበት ብሎ ጥይቶቹን በጨርቅ ቋጥሮ ከምድጃዬ በላይ ሰቀላቸው። ቅቤው ቀልጦ ወደ ባሩዱ ይወርዳል ብዬ ነገርሁት። ሳቀ። ባሌም ሳቀ፤ እሱ ወንድሙ የሳቀበት ነገር ሳያስቀው ቀርቶ አያውቅም። ቋጠሮውን አውርጄ ጓዳ ባስቀምጠው፣ ተቆጥቶ መልሶ ሰቀለው። ጨርቁ ወዛ፤ «ላብ ነው» አለኝ። ላብ! ጥይት ያርሳል እንዴ?

በዕለቱ ዘመድ ከዳሱ ሞላ። አማቴ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጅ ቆሙ፤ ሁለመናቸው ጆሮ ሆኗል። ዋርሳዬ መጀመሪያ ስለ ቅርጹ ሰበከ። ከዚያ ስልክ የያዘው ሁሉ እስኪቀርጸው ጠበቀ። በመጨረሻ ወደ ሰማይ አነጣጥሮ ሳበ።

ጠመንጃዋ አስነጠሰች። በርበሬ የሸተታት ድመት ያህል። ትንሽ ጭስ ወጣና ቅቤ ቅቤ ሸተተ። አንድ ሽማግሌ «ወጡ ደረሰ መሰለኝ» ቢሉ፣ ሊያለቅስ የመጣው ሰው ሁሉ ሳቁን ሊያፍን ነጠላውን አፉ ውስጥ ጎሰጎሰ።

«ሁለተኛዋ ትጮኻለች!» ብሎ ዋርሳዬ ባዶውን ቀለህ አውጥቶ ሌላ ሊያጎርስ ሲል፣ አማቴ ደረሱበት። ዕድሜ ልካቸውን ከዚያች ጠመንጃ ጋር አንድ ቤት የኖሩ ሴት ናቸው።

«ተው! አረሯ አልወጣችም፤ አፈሙዙ ውስጥ ተሰንቅራለች። ብትደግም ፊትህ ላይ ነው የምትፈነዳው።»

«እማ፣ ተይኝ! ቅርጹ እንከን የለውም!»

በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩት። አልተረጉመውም፤ የሰማው ሁሉ ግን አንገቱን ደፋ። ጠመንጃዋን ከእጁ መንጭቀው ሣሩ ላይ አጋደሙና ተቀመጡባት።

«ኧረ ተነሽ፣ ሰው እያየን!»

«ይየን። አባትህን ቀብሬያለሁ። ድምጿን ልሰማለት ጓጉቼ ነበር፤ ይቅርብኝ። አንተን ግን ከነቂልነትህም ቢሆን እፈልግሃለሁ።» ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ እህሉን እዚሁ አምጪልኝ።»

አቀረብሁላቸው። ዋርሳዬ ከፊታቸው ቆሞ ሲለማመጥ፣ እሳቸው ጠመንጃዋ ላይ እንደተቀመጡ ቀስ ብለው በሉ፤ ወጥ ጨምሪልኝም አሉ።