አምስቱ ቃላት

ሞባይል የያዘ ሰው ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ በሚወጣበት ጊዜ ነው። አንድ ከከተማ የመጣ ሰው «የሽማግሌ አእምሮ በኤሌክትሪክ አድሳለሁ» ብሎ መሐል ሜዳ በምትባለው ትንሽ ከተማችን ቤት ተከራየ።

አያቴ ቄስ ነበሩ። ቅዳሴው መሀል ላይ እየጠፋባቸው ሁለት ጊዜ ሌላ ቄስ ስለጨረሰላቸው፣ የደብሩ አስተዳዳሪ «ይረፉ» አሏቸው። እሳቸው ግን «በሚመጣው እሑድ ካልቀደስኩ ሞቻለሁ» አሉ። አጎቴ ወደ ሰውየው ሲወስዳቸው ክንዳቸውን እንድደግፍ እኔን አስከተለኝ።

ወረፋው ረጅም ነበር። ከመጋረጃው ወዲያ ሰውየው ለእያንዳንዱ ሽማግሌ «በግ፣ ቁልፍ፣ ማር፣ ወንበር፣ ድልድይ» ይልና ቆይቶ መልሶ ይጠይቃል።

ተራችን ሲደርስ የአያቴን ጥምጥም ፈታ። ሬዲዮ ከሚያክል ሳጥን የወጡ ሁለት ሽቦዎች ጫፋቸው ላይ ስፖንጅ አላቸው። ከፊታችን የነበሩት ሴትዮ ቅቤና ሽበት እንደተጣበቀበት፣ ስፖንጁን የደፈረሰ የጨው ውኃ ውስጥ ነከረው። የአያቴ ግንባር ላይ ሲጫነው ጭማቂው በአፍንጫቸው ወርዶ ጢማቸው ውስጥ ገባ። «ይቀይሩት» ማለት አቅቶኝ የነጠላዬን ጫፍ ነከስኩ።

«አባ፣ ምን ይሰማዎታል?» አለ ሰውየው ሳጥኑን አብርቶ።

«ጉንዳን።»

«በሉ፣ ጉንዳኑ ሥራ ጀምሯል!» አለ አጎቴ እየሳቀ።

ሰውየው ቃላቱን ሲጠይቃቸው አራቱን መለሱ። አጎቴ አጨበጨበ። ወረፋ ላይ ሆነን እነዚያኑ ቃላት ስንት ጊዜ ሰምተናቸዋል! እኔም ያለ ሽቦ ሸምድጃቸው ነበር።

ስንመለስ አጎቴ ላገኘው ሁሉ «ድነዋል፣ እሑድ ይቀድሳሉ» ይላል። አያቴ ከኋላ «አቡነ ዘበሰማያት» ብለው ጀመሩ። «ትምጻእ መንግሥትከ» ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ከዚያ «በግ፣ ቁልፍ፣ ማር» አሉ። አጎቴ አልሰማም፤ ወይም እንዳልሰማ ሆነ።

ቤት ደርሰን ብቻችንን ስንቀር እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ እሑድ ልቀድስ?»

ትልቅ ሰው ተቃውሜ አላውቅም ነበር። «አይቀድሱ፣ አባባ። አልተመለሰልዎትም» አልኳቸው።

እጄን ለቀቁት። «አንቺ ደግሞ መቼ ቅስና ተማርሽ!» ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

በማግስቱ ረስተውት፣ ፊታቸው በርቶ ያንኑ ጠየቁኝ። ያንኑ መለስኩላቸው፤ እንደ አዲስ ቆሰሉ። እስከ እሑድ በየቀኑ እንዲሁ ሆነ። እሑድ ጠዋትም ጠይቀውኝ፣ መልሴን ሰምተው፣ ከምእመናን ጋር ቆመው አስቀደሱ።

አጎቴ እስከ ዛሬ «አንቺ ባትከለክያቸው ኖሮ ሁለተኛ ዙር ኤሌክትሪክ ይበቃቸው ነበር» ይለኛል። ቀና ብዬ አላየውም።